ሳይወጣ የታየው ስልክ



በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለቂርአት ከኔው ዘንድ የሚመጣ አንድ ልጅ አለ። በዐረፋ ሰሞን አክስቱ ከሪያድ ለዕረፍት ስትመጣ ስልክ ገዝታ ይዛለት መጣች። ልጁ ስልኩን አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «አክስቴ፣ የሚቀጥለው ሊወጣ ጥቂት ወራት ናቸው የቀሩት። ይሄንን ለሌላ ሰው ስጪውና እሱን ላኪልኝ» አላት። እሷም ስልኩን ለአጎቱ ልጅ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይኸው ልጁ እስከ ዛሬ ስልክ የለውም። የቤት ሥራውን የሚሠራው በእናቱ ስልክ ሲሆን፣ እናቱ ከገበያ የምትገባው ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ነው። በእጁ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ እሱንም በየጧቱ አዲስ አዲሱን ያመጣልኛል። «ኡስታዝ፣ የሚቀጥለው ጎኑ ላይ ምንም ቁልፍ የለውም አሉ።» «ኡስታዝ፣ አሥር አፕ ባንዴ ያሠራል አሉ።» ማን ነው ያለው ብዬ ስጠይቀው መልሱ ያው «አሉ» ነው።

ልቆጣው አልቻልኩም። በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተሰልፌ፣ መግዛቱ ቀርቶ ለመንካት እንኳ የማላስበውን የአንድ ስልክ ወሬ ስከታተል ከርሜያለሁ። ስልኩ አይፎን 4 ነበር። ስለሱ አስቀድሞ የተወራውን፣ ከተወራው ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘውንና ማንም ያላወራውን ዛሬ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ለልጁ የነገርኩትን ለናንተም ላካፍላችሁ።

አፕል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የመጀመሪያውን አይፎን ለሕዝብ ያሳየው በጃንዋሪ 2007 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጁንና በጁላይ አዲስ ስልክ ለገበያ ማቅረብ ልማዱ ሆነ። ስለዚህ 2010 ሲገባ አራተኛው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። ጥያቄው «ምን ይመስላል?» እና «ምን ይሠራል?» የሚል ነበር።

ከሁለተኛው ጥያቄ ብጀምር ይሻላል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የነበረው እዚያ ላይ ነውና። በዚያን ጊዜ አይፎን የያዘ ሰው ከኩባንያው ውጭ የተሠራ አፕ ሲከፍት፣ ሌላው አፕ ይዘጋበት ነበር። በአንድ አፕ ሬዲዮ እያዳመጠ የመጣለትን መልእክት ላንብብ ቢል ሬዲዮው ዝም ይላል። የኩባንያው የራሱ ሙዚቃ ማጫወቻና የኢሜይል መቀበያው ግን ከኋላ ሆነው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ይህም ሰዉን ይበልጥ ያናድደው ነበር። የኖኪያ ሲምቢያን ስልኮች ብዙ አፕ ከፍቶ መቀያየርን ከዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። በ2009 ገበያ ላይ የዋለው ፓልም ፕሪ ደግሞ የተከፈቱትን አፖች እንደ ካርታ ጎን ለጎን ደርድሮ፣ የማይፈለገውን በጣት ወደ ላይ ወርወር በማድረግ ያዘጋ ነበር። ይህ ፈረንጆቹ መልቲታስኪንግ የሚሉት ነገር ነው። «አዲሱ አይፎን ይኖረው ይሆን?» እየተባለ ወራት ሙሉ ተገመተ፤ ሥዕል የሚችልም ከራሱ ሐሳብ እየሣለ «ይህን ይመስላል» እያለ አወጣ።

በመድረሳ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰነዱን ነው። ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? የመጨረሻው ሰው በዓይኑ አይቷል ወይ? ያን ጊዜ ከተወራው አብዛኛው በዚህ ሚዛን ቢታይ ከሁለተኛው ሰው ላይ ይበጠስ ነበር። አንዱ ጸሐፊ ከሌላው፣ ሌላውም ከመጀመሪያው ይወስዳል፤ ሁለቱም ተደጋግፈው የቆሙ ይመስላሉ።

በመካከሉ ግን የወሬውን ሰንሰለት ሁሉ የሚያስቀር ነገር ተፈጠረ። ስልኩ ራሱ ተገኘ።

ማርች 18 ቀን 2010 ማታ፣ ሬድዉድ ሲቲ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ፣ አንድ የአፕል ወጣት መሐንዲስ ለሙከራ የያዘውን ያልወጣ ስልክ ረስቶ ሄደ። ቦታው ቢራ ቤት ነው፤ ታሪኩ የተፈጸመው እዚያ ስለሆነ ነው የማነሳው። ስልኩ የዓመቱን አሮጌ አይፎን የሚያስመስል ከቨር ለብሶ ስለነበር ላየው ሰው የተለየ ነገር አልነበረውም። ያገኘው ሰው ወደ ቤቱ ወሰደው። በማግስቱ ኩባንያው ከርቀት ሆኖ ስልኩን አጠፋው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው አልሠራ አለ። ሰውየው ከቨሩን ሲያወልቀው ከውስጥ ሌላ ስልክ ወጣ።

ያገኘው ሰው ለኩባንያው ደውዬ የሚሰማኝ አጣሁ ብሏል ተባለ። ለባለቤቱ ግን አልመለሰውም፤ ለቢራ ቤቱም ለፖሊስም አልሰጠውም። ጊዝሞዶ የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና አቅራቢ በ5,000 ዶላር ገዛውና ኤፕሪል 19 ቀን ፈታትቶ ፎቶግራፉን ለዓለም አሳየ። የመሐንዲሱንም ስም አወጣው። ይህ የመጨረሻው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስልኩን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ የረሳን ሰው ስም ለዓለም ማስታወቅ ደግሞ ሌላ ነው። የኩባንያው ዋና የሕግ ኃላፊ በዚያው ቀን ዕቃችን ይመለስልን ብለው ደብዳቤ ጻፉ፤ ተመለሰላቸውም። ኤፕሪል 23 ቀን ፖሊስ ወሬውን የጻፈውን አዘጋጅ ቤት ፈትሾ ኮምፒውተሮቹን ወሰደ። አዘጋጁም ሆነ ድርጅቱ አልተከሰሱም። ስልኩን አግኝቶ የሸጠውና ያሻሻጠው ሁለት ሰዎች ግን በ2011 ፍርድ ቤት ቀርበው የአንድ ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ለያንዳንዳቸው 250 ዶላር ካሳ ተፈረደባቸው።

በፊቅህ ኪታቦቻችን ስለ ሉቀጣ፣ ማለት ወድቆ ስለተገኘ ዕቃ፣ የሚያወራ ባብ አለ። የዕቃውን መያዣና ማሰሪያ ለይተህ ያዝ፣ ዓመት ሙሉ አስታውቅ የሚለውን ልጅ ሆኜ ስቀራ፣ ማሰሪያ ማለት የገንዘብ ከረጢት ገመድ መስሎኝ ከሱ አላልፍም ነበር። ከቨር የለበሰ ስልክ ይመጣል ብዬ ማን ያስብ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ፎቶግራፎቹ ያሳዩት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል እውነት ሆኗል። ጀርባው እንደ ቀድሞው ጎበጥ ያለ ሳይሆን ዝርግ ነው። ከፊት ለፊት ካሜራ አለው፤ ከኋላው ካሜራ አጠገብ መብራት ተጨምሯል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ለሁለት ተከፍሏል። ባትሪው ተልቋል፤ የሲም ካርዱ ማስገቢያ አንሷል። ዙሪያውንም የብረት ቀለበት ይዞታል። በሜይ ወር ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ በቬትናም ብቅ አለና የመጀመሪያውን መሰከረለት። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ነገር ካሉ፣ በመድረሳው ሚዛንም ወሬው በርትቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ነገር ግን ተመልካቹን አላስደሰተችም። ያ የብረት ቀለበት ወጥ አልነበረም፤ ቦታ ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር እየገባ ቆርጦታል። አፕል በአሠራር ጥራት የሚታወቅ ኩባንያ ነው፤ «እንዲህ ያለ ስንጥቅ የሱ ሥራ አይመስልም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ገና ያላለቀ ሙከራ ቢሆን ነው ያሉም ነበሩ። መስመሯን ሁሉም አይቷታል፤ ምን እንደሆነች ግን ብዙዎች አላወቁም።

ጁን 7 ቀን ስቲቭ ጆብስ ስልኩን በይፋ አወጡት። አንዳንዶቻችሁ ይህን አይታችሁት ይሆናል እያሉ ቀለዱ፤ ሰውም ሳቀ። ከዚያ ስለ መስመሮቹ አስረዱ። የብረቱ ቀለበት የስልኩ አጽም ብቻ አይደለም፤ አንቴናውም ነው። መስመሮቹ ቀለበቱን የሚከፋፍሉት አንደኛው ክፍል ለብሉቱዝ፣ ለዋይፋይና ለጂፒኤስ፣ ሌላው ለስልክ ጥሪው ኔትወርክ እንዲያገለግል ነው። በእርግጥም ብልህ ሥራ ነው። ስልኩ 9.3 ሚሊሜትር ብቻ የወፈረው፣ ከቀደመው በሦስት ሚሊሜትር የቀጠነው፣ አንዱም ምክንያት አንቴናውን ከውስጥ አውጥቶ ግድግዳ ስላደረገው ነው።

ጁን 24 ቀን ገበያ ላይ ዋለ፤ በሦስት ቀን 1.7 ሚሊዮን ተሸጠ። ወዲያውም ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ስልኩን በግራ እጅ ሲይዙት መዳፋቸው ከታች በግራ በኩል ያለችውን መስመር ይሸፍናታል። ያን ጊዜ ሥጋችን ሁለቱን የብረት ክፍሎች ያገናኛቸውና የኔትወርኩ ምልክት ይወርዳል፤ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ሰፈር ጥሪው እስከ መቋረጥ ይደርሳል። ኩባንያው በመጀመሪያ የኔትወርክ ምልክቱን የምናሰላበት ቀመር ከመጠን በላይ ያሳይ ነበር አለ። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ተቋም በራሱ ቤተ ሙከራ መርምሮ ስልኩን ግዙ ማለት አልችልም ሲል ግን ነገሩ ከበደ። ጁላይ 16 ቀን ጆብስ ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ ችግሩ የሌሎች ስልኮችም ነው፤ ለማንኛውም ለሁሉም ገዢ 29 ዶላር ይሸጥ የነበረውን የጎማ ከቨር በነጻ እንሰጣለን አሉ። ጎማው መስመሯን ሸፍኖ እጅ እንዳይነካት ያደርጋልና።

እዚህ ላይ አንድ የሰዎች ግምት አለ፤ እንደ ግምት ውሰዱልኝ። ቢራ ቤት የተረሳው ስልክ ለመደበቂያ ከቨር ለብሶ ነበር ብያችኋለሁ። መሐንዲሶቹ ውጭ ይዘው የሞከሩት እንዲያ ተሸፍኖ ከሆነ፣ ምስጢሩን የሸሸገው ከቨር ጉድለቱንም ከራሳቸው ሸሽጎት ይሆናል።

አሁን ወደ መልቲታስኪንጉ። ይህኛው የተገለጠው ከፎቶግራፎቹ በፊት፣ ኤፕሪል 8 ቀን ነው። አዲሱ የስልኩ ሥርዓት ቁጥር 4 መልቲታስኪንግ ይኖረዋል ተባለ። ጆብስ በዚህ ድግስ ላይ የመጀመሪያ አይደለንም፤ ግን የተሻልን እንሆናለን አሉ። ወሬ አዳኞቹ ደስ አላቸው። የመጣው ነገር ግን ሲጠብቁት የነበረው አልነበረም፤ ለልጁም ላስረዳው የፈለግሁት ዋናው ይህ ነው።

በገጠር መስጊድ የኪታብ ቂርአት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሸኹ አንድ ናቸው፤ ደረሳው ሃያ ነው። ሁሉም የየራሱን ኪታብ ይዟል። ሸኹ ባንድ ጊዜ የሚያዳምጡት ግን አንዱን ብቻ ነው። የቀሩት ያቆሙበት መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ተራው የደረሰው ካቆመበት ይቀጥላል። ከውጭ ላየው ሃያ ሰው ባንዴ የሚቀራ ይመስላል።

የአይፎን 4 ፕሮሰሰር፣ ኤ4 የተባለው፣ ልክ እንደ ሸኹ አንድ ነበር። ተጠቃሚው ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ሲሄድ የመጀመሪያው አይሠራም፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሲመለሱበት ካቆመበት ስለሚቀጥል ሲሠራ የቆየ ይመስላል። ከኋላ ሆነው በእውነት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ድምፅ ማጫወት፣ በኢንተርኔት መደወል፣ ያሉበትን ቦታ መከታተል። የጀመረውን ሥራ ጨርሶ ለመቀመጥ ለሚፈልግ አፕ ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ቁጥብነት ለባትሪ ሲባል ነው።

ሰዎቹን የሚያስቀምጠው ቤት ደግሞ ሜሞሪ ነው። ቤቱ ሲሞላ ብዙ የቆየው ይወጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። በ2008 የወጣው አይፎን 3ጂ 128 ሜጋባይት ብቻ ሜሞሪ ስለነበረው አዲሱን ሥርዓት ቢጭኑበትም መልቲታስኪንጉ ተከለከለ። አይፎን 4 ውስጥ ያለው ግን 512 ሜጋባይት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሰዉ ስለ ጀርባው ዝርግነት ወራት ሙሉ ሲከራከር፣ የአፖቹን ዕጣ የምትወስነው ቁጥር በየትኛውም ፎቶግራፍ ላይ አልነበረችም።

በነገራችን ላይ፣ አፖቹን አንድ በአንድ ካልዘጋሁ ባትሪዬ ያልቃል የሚል ልማድ በኛ ልጆች ዘንድ በጣም ተስፋፍቷል፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ሲያጸዱ አያቸዋለሁ። ጆብስ በዚያው ኤፕሪል፣ ተጠቃሚው አፕ ስለመዝጋት የሚያስብ ከሆነ ሠሪዎቹ ተሳስተዋል የሚል ሐሳብ ተናግረው ነበር። በ2016ም የኩባንያው የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌደሪጊ፣ ባትሪ ለመቆጠብ መዝጋት ያስፈልጋል ወይ ብሎ ለጠየቀ ደንበኛ የመለሱት አያስፈልግም የሚል ነው። የተቀመጠ ደረሳ አይበላም፤ አስወጥቶ እንደገና ማስገባት ነው የሚያደክመው። የተበላሸ አፕ ከሆነ መዝጋቱ ግን ተገቢ ነው።

ያን ስልክ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሟቸዋል። በ199 ዶላር የተሸጠው ከአንድ የስልክ ድርጅት ጋር በሁለት ዓመት ውል ታስሮ ስለነበር የሌላ ሲም አይቀበልም። የተፈታለትም ቢሆን ሲም ካርዱን በመቀስ ቆርጦ ማሳነስ ነበረበት። የሲሙ ማስገቢያ ማነሱ ወሬው ውስጥ ነበር፤ መቀሱ ግን አልነበረም።

እናም ልጁን፣ ከወጣ ስድስት ወር የሆነው ስልክ ገና ከሚመጣው ይልቅ ይታወቃል አልኩት፤ ጉድለቱን ሌላ ሰው ገዝቶ ፈትኖልሃል፤ ዋጋውም ቀንሷል። ለአክስትህ ደውልና ይቅርታ ጠይቃት፤ ገንዘቡን የምታገኘው በላቧ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ የጓደኛውን ስልክ ተቀብሎ በጎኑ በኩል አዙሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ብረቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉ።

«ኡስታዝ፣ ይኼ ጭረት መስሎኝ ሁልጊዜ በጥፍሬ እፍቀው ነበር» አለኝ።